ከድል በኋላ ያሉት 12፦ የፎክሎር ኮርስ ማጠናቀቂያ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

በበይነ መረብ የምከታተለው የሚትና የፎክሎር ኮርስ ሊያልቅ ነው። የቀረኝ አንድ የትምህርት ክፍል፣ አንድ አጭር ፈተና፣ የማጠቃለያ ሥራ፣ ከዚያም የሌሎች ተማሪዎችን ሥራ አንብቦ መገምገም ነው። በገጹ አናት ላይ ያለው የሂደት መስመር ዳር ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ገጹን የመክፈት ፍላጎቴም ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበርኩም። ዊልያም ቶምስ እ.ኤ.አ. በ1846 «ፎክሎር» የሚለውን ስያሜ በብዕር ስም ተሸሽጎ ለመጽሔት በላከው ደብዳቤ እንዳስተዋወቀ የሰማሁ ዕለት ደብዳቤውን ፈልጌ ሳላነብ አልተኛሁም። ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት ቅጽ፣ የተረቷ ልጅ የስኖው ኋይት አሳዳጅ የገዛ እናቷ ነበረች፤ በ1819 እትም ግን እንጀራ እናት ተደረገች። ያን ጊዜ ማንም ሳያዝዘኝ ሁለቱን ትረካዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር አነጻጽሬያቸው ነበር። አሁን አንዲት አጭር ቪዲዮ ለመክፈት ስል ጠረጴዛዬን ሁለት ጊዜ አጸዳለሁ።

ክላርክ ሃል የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አይጦች በተወሳሰበ መተላለፊያ ውስጥ ሲሄዱ ምግቡ ወዳለበት በቀረቡ ቁጥር ፍጥነታቸው እንደሚጨምር አመልክቷል። አይጧ የምታፋጥነው ከፊቷ የሚበላ ነገር ስላለ ነው። ከእኔ ፊት ያለው ግን ከእስካሁኑ ሁሉ የከበደ ሥራ ነው፤ ሳምንታዊ ፈተናዎቹ ምርጫ ብቻ ነበሩ፣ ይኼኛው ራሴ አስቤ የምጽፈው ነው። ስለዚህ ከአይጧ ጋር አልወዳደርም።

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ሥራው የት የት ላይ እንደሚቆም ለማየት ነው። ከስሜቴ ይልቅ ስለ ሥራው መጻፍ እመርጣለሁ፤ ሁለቱ መነካካታቸው ግን አይቀርም።

ረቡዕ

ለማጠቃለያ ሥራው ይዤው የቆየሁት ርዕስ የጥፋት ውሃ ትረካዎችን የሚያነጻጽር ነበር። ዛሬ ጣልኩት። ሰፊ ነው፤ የተጻፈበትም ብዙ ነው፤ ኮርሱ ሲጀመር ለነበረኝ ጉልበት እንጂ ዛሬ ላለኝ አይሆንም። የደከመ ሰው ራሱን ከሚገሥጽ ርዕሱን ቢያጠብብ ይሻለዋል የሚል እምነት አለኝ።

አዲሱ ርዕስ የወጣው ከሩሲያዊው የተረት ተመራማሪ ከቭላድሚር ፕሮፕ ዝርዝር ውስጥ ነው። ፕሮፕ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጥናት ከአፋናሲየቭ የሩሲያ ተረቶች ስብስብ 100 የአስማት ተረቶችን መርምሮ፣ ገጸ ባሕርያቱ ቢለዋወጡም የሚፈጽሟቸው ተግባራት ከ31 እንደማይበልጡ፣ ቅደም ተከተላቸውም እንደማይለወጥ ተከራከረ። 18ኛው ተግባር የጠላት መሸነፍ ነው። 19ኛው የጎደለው ነገር መገኘት ነው፤ የተሰረቀችው ልዕልት ትመለሳለች ወይም ሕይወት የሚሰጠው ውሃ ይቀዳል። ይህን ዝርዝር ለፈተና ብዬ ሸምድጄው ነበር። ዛሬ ስመለስበት ዓይኔ ያረፈው ከ19 በታች ባለው ላይ ነው። ድሉ ከተገኘ በኋላ ገና 12 ተግባራት አሉ፦ ጀግናው ይመለሳል፤ ይሳደዳል፤ ያመልጣል፤ ማንም ሳያውቀው አገሩ ይገባል፤ አንድ አስመሳይ ድሉን የእኔ ነው ይላል፤ ከባድ ፈተና ይቀርባል፤ ጀግናው ይወጣዋል፤ ማንነቱ ይታወቃል፤ አስመሳዩ ይጋለጣል፤ ጀግናው አዲስ መልክ ይይዛል፤ ጥፋተኛው ይቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰርጉ።

ሁሉንም የሚያሟላ ተረት የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ከድሉ ቀጥ ብለው ወደ ሰርጉ ይዘላሉ። ሆኖም ከዝርዝሩ ከሦስት አንዱ በላይ ድል ከተገኘ በኋላ ላለው ጣጣ መዋሉ ቀላል ነገር አይደለም። ወዲያው የሆሜር ድርሰት ኦዲሲ ትዝ አለኝ። 24 መጻሕፍት አሉት፤ ጀግናው ኦዲስየስ አገሩ ኢታካ የሚደርሰው በ13ኛው ነው። ሁላችንም የመርከብ ጉዞ ታሪክ ነው ብለን የምናስበው ድርሰት ግማሽ ያህሉ የሚፈጸመው ሰውየው አገሩን ከረገጠ በኋላ ነው።

ርዕሱ ይህ ሆነ፦ ጀግና የፈለገውን ካገኘ በኋላ፣ ቤቱ ሳይገባ የሚወድቅባቸው ታሪኮች። ከሰነበተው ግዴለሽነት በኋላ ዛሬ ማታ ሳልገፋፋ ተቀምጬ ሠራሁ። የሳበኝ ጉዳዩ ይሁን ወይስ ከራሴ ሁኔታ ጋር መመሳሰሉ፣ መመርመር አልፈለግሁም።

ቅዳሜ

ሰንጠረዡ ተሠራ። መጀመሪያ የጻፍኩት ዝርዝር ረጅም ነበር፤ አምስት ታሪኮች ብቻ ይዤ ሌላውን ሰረዝኩ። የቀሩት የጥንቱ የሜሶጶጣሚያ ድርሰት የጊልጋሜሽ 11ኛው ጽላት፣ የኦዲሲ 10ኛው መጽሐፍ፣ በሮማውያኑ ባለቅኔዎች በቨርጂልና በኦቪድ የተተረከው ኦርፊየስ (ሚስቱን ኤውሪዲኬን ከሙታን ዘንድ ሲያወጣ ዘወር ብሎ እንዳያያት የተከለከለው)፣ በሮማዊው ጸሐፊ በአፑሌዩስ የተተረከችው ሳይኪ፣ ከግሪም ስብስብ ደግሞ «ሁለቱ ወንድማማቾች» ናቸው። እ.ኤ.አ. በ712 በተጠናቀረው የጃፓኖቹ የጥንት ትረካዎች መጽሐፍ በኮጂኪ ውስጥ ያለውን ኢዛናጊን ማውጣት ከበደኝ። ሚስቱን ፍለጋ ሙታን ዘንድ ወርዶ እንዳያያት ተነግሮት ሳለ፣ ከማበጠሪያው ጥርስ ሰብሮ እሳት ለኩሶ ያያታል። ግን የሚያያት ገና እዚያው ውስጥ ሆኖ ሲጠብቅ ነው፤ የመልሱን መንገድ አልጀመሩም። ስለዚህ ወጣ።

የሰንጠረዡ ዓምዶች እነዚህ ናቸው፦ ምን ተገኘ፣ የት ላይ ጠፋ፣ ክልከላው ምን ነበር፣ ማን ጣሰው፣ የቶምፕሰን ቁጥር። ስቲዝ ቶምፕሰን የሥነ ቃል ሞቲፎችን (በተረቶች ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡ ጭብጦችን) ማውጫ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1936 በ6 ቅጾች አውጥቶ በኋላ አስፋፍቶታል። «ሲ» በሚለው የላቲን ፊደል ሥር ያሉት የክልከላ ሞቲፎች ናቸው። ወደ ኋላ መመልከት ሲ331፣ የተከለከለ ሣጥን መክፈት ሲ321፣ የነፋስ ከረጢት ሲ322.1። ማውጫውን ስገልጥ ደስ የሚለኝ ነገር ቢኖር ድርቅናው ነው። ኦርፊየስ የሰው ልብ የሚሰብር ታሪክ ነው፤ ለቶምፕሰን ግን ፊደልና ቁጥር ነው። ሲደክመኝ እንዲህ ያለ ድርቅና ያግዘኛል፤ ከእኔ የሚፈልገው ትክክለኛውን ሣጥን መሙላት ብቻ ነው።

ሁለቱን ሞላሁ።

ኦዲሲ። የነፋሳት ጌታ አዮሎስ አዋኪዎቹን ነፋሳት በቆዳ ከረጢት አስሮ ለኦዲስየስ ይሰጠዋል፤ ወደ አገሩ የሚወስደውን አንዱን ነፋስ ብቻ ይለቅለታል። ዘጠኝ ቀንና ሌሊት ይጓዛሉ። በዐሥረኛው ቀን ኢታካ ትታያለች፤ እሳት የሚያነድዱ ሰዎች እስኪለዩ ድረስ ይቀርባሉ። ኦዲስየስ ያን ሁሉ ቀን የሸራውን ገመድ ከእጁ አልለቀቀም፤ ቶሎ ለመድረስ ብሎ ለማንም አልሰጠም። አገሩን እንዳየ እንቅልፍ ይጥለዋል። ባልደረቦቹ ከረጢቱ ውስጥ ወርቅና ብር ያለ መስሏቸው ይፈቱታል፤ ማዕበሉ ወደ መጡበት ይመልሳቸዋል።

ጊልጋሜሽ። ሞትን ማምለጥ የፈለገው ንጉሥ፣ ከጥፋት ውሃ ተርፎ የማይሞት የተደረገው ኡትናፒሽቲም ዘንድ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳትተኛ ቆይ ይባላል። ወዲያው ይተኛል። ሲነቃ ላፍታ ያህል ሸለብ አደረገኝ እንዳይል፣ የኡትናፒሽቲም ሚስት በየቀኑ አንድ ዳቦ እየጋገረች ራስጌው ታስቀምጣለች፤ የመጀመሪያው ደርቋል፣ የመጨረሻው ገና ከሰል ላይ ነው። እንደተፈራውም ሲነቃ የሚለው ይህንኑ ነው። በኋላ ሽማግሌን ወጣት የምታደርግ ተክል ከውሃ ሥር አውጥቶ ወደ ከተማው ወደ ኡሩክ ሲመለስ፣ ቀዝቃዛ ኩሬ አይቶ ሊታጠብ ይገባል፤ ተክሏን እባብ ይወስዳታል።

አንድ የሥራ ዘዴ አገኘሁ። ስጨርስ የቀጣዩን ባዶ ሣጥን ስም ብቻ በወረቀት ጽፌ እዘጋለሁ። በማግሥቱ የሚጠብቀኝ «ማጠቃለያ ሥራ» የሚል ተራራ መሆኑ ቀርቶ «ኦርፊየስ፤ የት ላይ ጠፋ» የሚል መስመር ይሆናል።

ማክሰኞ

ሰንጠረዡን አልነካሁም። የመጨረሻውን የትምህርት ክፍል ግን ጨረስኩ፤ ስለ ዘመናዊ የከተማ አፈ ታሪኮች ነው። ብዙ አልጠበቅሁበትም ነበር። የሚጠፋው መንገደኛ ታሪክ ግን ያዘኝ። አሽከርካሪ በመንገድ ዳር አንዲት ወጣት ያሳፍራል፤ ቤቷን ትነግረዋለች፤ ሲደርሱ መቀመጫው ባዶ ነው፤ በሩን ሲያንኳኳ ከዓመታት በፊት እንደሞተች ይነገረዋል። ቢርድስሊና ሃንኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1942 አጥንተውታል፤ በቶምፕሰን ማውጫም ቁጥር አለው፣ ኢ332.3.3.1። ቤቷ በር ላይ ሲደርሱ መጥፋቷን አስተውሉ። ስድስተኛ መስመር ልጨምርላት እጄ ሄዶ ነበር፤ ከለከልኩት። ሊያልቅ በተቃረበ ሥራ ላይ የሚመጣ መልካም ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ላለመጨረስ የተሰጠ ሰበብ ነው።

ፈተናው አለፈ።

ሐሙስ

አብራኝ የምትማር አንዲት ሴት ሰንጠረዡን ልኬላት ነበር። ከጀመርን ጀምሮ አልፎ አልፎ መልእክት እንለዋወጣለን። መልሷ ምሕረት የለሽ ነው፦ «ፕሮፕ የጻፈው ስለ ሩሲያ የአስማት ተረት ነው። ኦርፊየስን በእሱ መስፈሪያ የምትሰፍረው ለምንድን ነው? ደግሞስ ክልከላና ጥሰት በእሱ ዝርዝር ውስጥ 2ኛና 3ኛ አይደሉም? አንተ መጨረሻ ላይ አድርገሃቸዋል።»

ልክ ናት፤ ነገሩም የሚጣፍጠው እዚያ ላይ ነው። በፕሮፕ ተረቶች ውስጥ «ከቤት አትውጣ» የሚባለው መግቢያው ላይ ነው፤ ያ ሲጣስ ጣጣው ይጀምራል። በእኔ ታሪኮች «ዘወር ብለህ አትይ»፣ «ሣጥኑን አትክፈቺ» የሚባለው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እሷው አሜሪካዊውን የፎክሎር ተመራማሪ አለን ዱንደስን እንዳነብ ነገረችኝ። ዱንደስ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረቶች ሲመረምር ደጋግሞ ያገኘው ሰንሰለት አራት ቀለበት ብቻ ነው፦ ክልከላ፣ ጥሰት፣ ውጤት፣ ለማምለጥ መሞከር። የትም ቦታ ሊገባ ይችላል። ለሥራዬ ከ31ዱ ይልቅ ይኼ ይገጥማል። ፕሮፕን ግን አልጥለውም፤ ድል የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያሳየኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ለመንኳት። ሦስቱን ታሪኮች የእኔን መልስ ሳታይ በራሷ እንድትሞላ። እሺ አለች፤ በልዋጩ እኔ የእሷን የመሠረተ ሐሳብ ክፍል አነብላታለሁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውን ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ግን በብቸኝነት ቪዲዮ እያዩ በሚማሩት ኮርስ ውስጥ ሎሚውን የሚቀበል ሰው መኖሩ ሁልጊዜ ትዝ አይልም። ማታ መልሷ ደረሰ። በሁለቱ ተስማምተናል። በኦርፊየስ ተለያየን። «ምን ተገኘ» በሚለው ሥር እኔ «ኤውሪዲኬ» ብዬ ነበር፤ እሷ «ገና ምንም፤ ተስፋ ብቻ» ብላ ጽፋለች። ቨርጂል ኦርፊየስ ብርሃኑ ደፍ ላይ ደርሶ እንደዞረ ይናገራል፤ ኦቪድ ደግሞ ትደክም ይሆን ብሎ በመፍራትና ለማየት በመጓጓት እንደዞረ። እጁ የገባችለት መቼ ነው? ሁለቱንም መልሶች ጽሑፉ ውስጥ አስገባለሁ።

እሑድ

ሳይኪና ሁለቱ ወንድማማቾች ተሞሉ።

ሳይኪን በአጭሩ። የፍቅር አምላኳ ቬነስ አራት ሥራ ታዝዛታለች፤ የመጨረሻው ከሙታን ንግሥት የውበት ሣጥን ማምጣት ነው። የሚያስፈራውን ሁሉ አልፋ ወደ ብርሃን ከወጣች በኋላ ሣጥኑን ትከፍታለች። ውስጡ ውበት የለም፤ ሞት የመሰለ እንቅልፍ ነው፤ እዚያው መንገድ ላይ ያጋድማታል።

የግሪሙን ግን ረጋ ብዬ አነበብኩት። አዳኙ ሰባት ራስ ያለውን ዘንዶ ይገድላል፤ ሰባቱን ምላሶች ቆርጦ በልዕልቲቱ መሐረብ ይጠቀልላል። ከዚያ ድካም ይጥለዋል። አንበሳውን «አንተ ጠብቀን» ይለዋል። አንበሳ ይደክመውና ለድብ ይሰጣል፤ ድብ ለተኩላ፣ ተኩላ ለቀበሮ፣ ቀበሮ ለጥንቸል። ጥንቸል የምትሰጠው የላትም። ሁሉም እንቅልፍ ላይ ሳሉ የንጉሡ ሹም መጥቶ የአዳኙን ራስ ይቆርጣል፤ ልዕልቲቱን አስፈራርቶ ዘንዶውን የገደልኩት እኔ ነኝ ይላል። ጥንቸል ሮጣ የሚያድን ሥር ታመጣለች፤ አንበሳ ራሱን ይገጥማል፤ ግን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የገጠመው። አዳኙ ይህን የሚያውቀው እኩለ ቀን ላይ ሊበላ ሲል ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳምንታት ወዲህ ኮርሱ ሲያስቀኝ የመጀመሪያው ነው።

ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ከአምስቱ በአራቱ ታሪኮች ውስጥ እንቅልፍ አለ፤ እንቅልፍ የሌለበት የኦርፊየስ ብቻ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የሚጥል ጠላት የለም፤ ጠላቱ ቀድሞ ሞቷል። ሁለተኛው ሐሙስ የጻፍኩትን የሎሚ ነገር የሚያወሳስብ ነው። ኦዲስየስ ገመዱን ለማንም ባለመስጠቱ ወደቀ። እዚህ ደግሞ ጥበቃው ለአምስት ተሰጥቶ ወደቀ። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? አንበሳው ሥራውን አካፈለ አይባልም፤ ከራሱ አወረደው እንጂ። እየወረደ የሄደውም ከሁሉ ደካማ ወደሆነችው ነው።

ዓምድ ጨመርኩ፦ «ማን ነቅቶ ነበር»።

ረቡዕ

መጻፍ ጀመርኩ፤ ሰንጠረዡ ስላለ ከፈራሁት ቀለለ። በጠዋት አንድ ክፍል እጽፋለሁ፤ ማታ አልሠራም። ከአምስቱ ታሪኮች በአራቱ እንቅልፍ ያለበትን ጥናት እያዛጉ መጻፍ ለሥራው የሚመጥን አይመስለኝም።

አዲሱ ዓምድ ያልጠበቅሁትን አመጣ። የኦዲሲን 13ኛ መጽሐፍ ለማጣቀሻ ያህል ገልጬ ነበር። ፌኬያውያን የተባሉት ባሕረኞች ኦዲስየስን በመርከባቸው ኋላ ላይ አንጥፈው ያስተኙታል፤ ሞት የሚመስል ጥልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። እነሱ ሌሊቱን ይቀዝፋሉ። ኢታካ ሲደርሱ ከነምንጣፉ አንሥተው፣ ሳይቀሰቅሱት፣ አሸዋው ላይ ያኖሩታል፤ ሀብቱንም የወይራ ዛፍ ሥር ይደረድሩለታል። በ10ኛው መጽሐፍ ተኝቶ ኢታካን አጣት። በ13ኛው ተኝቶ ገባባት። ያው ሰው፣ ያው እንቅልፍ፣ ያችው ደሴት። የተለወጠው መቅዘፊያውን የያዙት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ፌኬያውያን ባሕሩን ያውቁታል፣ ከረጢት ውስጥ ያለውንም አይጎመጁም። አንባቢዎች ደጋግመው የተመላለሱበት ስፍራ ይሆናል፤ እኔ ግን በራሴ ሰንጠረዥ ስደርስበት የራሴ ነው። የጽሑፉ መካከለኛ ክፍል ይኼ ይሆናል።

ለመዝጊያው የተጠቀምኩት ዴንማርካዊውን የፎክሎር ተመራማሪ አክሰል ኦልሪክን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ሥነ ቃል ትረካ ሕጎች ሲናገር፣ ትረካ ድንገት እንደማይጀምር ሁሉ ድንገት አያልቅም ይላል፤ ከከፍታው በኋላ የሚረጋጋበት ጊዜ ይፈልጋል። ከፕሮፕ 12 ተግባራት ጋር በአንድ አንቀጽ አገናኘኋቸው። ብዙ ማራዘም አላስፈለገም።

ቅዳሜ

ሥራው ገባ። ፋይሉ ሲጫን መስመሩ ጥቂት ተንቀሳቀሰ፤ ዳር ግን አልደረሰም። የሌሎችን ሥራ ሳልገመግም ውጤቴ አይለቀቅም።

ይህ ክፍል ለብዙ ተማሪ የግድ ዕዳ ነው፤ ለእኔም ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ተረት መዝጊያ ቃላት ነው፤ ጸሐፊው ብዙ ሰብስቧል። በአርመን ተረት መጨረሻ ሦስት ፖም ከሰማይ ይወድቃል። የሩሲያው ተራኪ እኔም ሰርጉ ላይ ነበርኩ፣ ጠጁ በጢሜ ላይ ፈሰሰ እንጂ አፌ አልገባም ይላል። የእኛው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ስላልነበረበት በአስተያየቴ ጨመርኩለት፤ ተራኪው ለድካሙ ዋጋ ሲጠይቅ ከሩሲያው ጋር እንደሚገናኝ፣ አድማጩን በተራው ተራኪ ሲያደርግ ግን እንደሚለይ ጻፍኩለት።

ሁለተኛው ሥራ መካከል ላይ ይቆማል። ስምንት አታላይ ገጸ ባሕርያትን ለማነጻጸር ተነሥቶ፣ ሦስቱን ከሸፈነ በኋላ የቀሩትን በርዕስ ብቻ ትቷቸዋል። ስለ ሎኪ፣ ስለ ስካንዲኔቪያው አታላይ አምላክ፣ የጻፈው ገጽ ግን ካነበብኳቸው የኮርሱ ሥራዎች ሁሉ የተሻለ ነው። የመገምገሚያ ቅጹ «ያልተሟላ» የሚል ምልክት እንዳደርግ ይፈቅድልኛል፤ አደረግሁ፤ ሐቅ ነውና። ከሥሩ ግን ረዘም አድርጌ ጻፍኩ፦ አምስቱን ርዕሶች እንዲሰርዛቸው፣ መግቢያውን በሦስት እንዲያጠብበው፣ ሎኪን ወደ መጨረሻ እንዲያዛውረው። እንደገና ማስገባት የሚፈቀድበት ቀን ገና አላለፈም። ረቂቁን ከመላኩ በፊት የሚያነብለት ከፈለገ እንዲጽፍልኝ ነገርኩት።

ሦስተኛውን ነገ ጠዋት አነባለሁ። ርዕሱ ስለ ድልድይ ሥር ጭራቆች ይመስላል፤ 14 ገጽ ነው።